አፉ የታሰረ ቀፎ

ልክነሽን የሚያውቅ ሁሉ ስለ እሷ የሚያወራው አንድ ነገር ነው። «ንብ አይነድፋትም» ይላል። ውሸት ነው። እንዴት አድርጎ እንደሚነድፋት እኔ ጎረቤቷ ምስክር ነኝ፤ አንድ ጊዜ የዓይኗ ቆብ አብጦ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ዓይኗ ገበያ ስትመላለስ ከርማለች። ሌላው ሰው ሲነደፍ ይጮኻል፣ እጁን ያወናጭፋል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሰዉ ይህን እያየ ነው ንብ የማይነካት የመሰለው።

እኔ ፋንታዬ እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ ተወልጄ፣ በባለቤቴ የሥራ ዝውውር አርባ ምንጭ መጥቼ፣ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ልጆቼ «ወደ አገርሽ ተመለሺ» ቢሉኝም አገሬ የት እንደሆነ ግራ ገብቶኝ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ቀረሁ። ሰፈሩ «ቲቸር» ይለኛል። አፌ ነገር አይቋጥርም። ይህን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ምስጢሩን ከእኔ ይደብቃል፤ ልክነሽ ብቻ ናት መጥታ የምትነግረኝ። ለምን እንደሆነ ለብዙ ጊዜ አልገባኝም ነበር።

ልክነሽ ከጋሞ ደጋ፣ የኦቾሎ መንደር ልጅ ናት። አባቷ ከሽመናቸው ጎን ንብ ያረቡ ነበርና፣ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ዛፍ መውጣቱንም ማር መቁረጡንም ያስተማሩት እሷን ነው። ባሏ ሳምሶን ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። እሱ ታሞ ከሞተ ወዲህ ብቸኛ ልጇን እድላዊትን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ባንክ ቤት ያስቀጠረቻት ከጓሮዋ ቁልቁል ባሉት ዛፎች ላይ በሰቀለቻቸው ቀፎዎች ነው። ቀፎዎቹ እንደ አባቷ ከቀርከሃ የተሠሩ፣ በደረቅ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለሉ ረዣዥም ናቸው። አንድ የሳጥን ቀፎም አላት፤ ከስልጠና ያገኘችው ነው።

በእነ ልክነሽ ቤተሰብ ሴት ልጅ ስትዳር ከነንቡ አንድ ቀፎ ይሰጣታል። ልክነሽም እናቷም እንዲሁ ተሰጥቷቸዋል። ለሠርግ የተመረጠው ቀፎ ጀርባው ቅቤ ይቀባል፤ በሰፊው አፉ በኩል ያለው መክደኛም በገመድ ይታሰራል። ንቦቹ በወዲያኛው ጫፍ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አንዴ ከታሰረ ግን አዲሱ ቤት ደርሶ እስኪሰቀል ድረስ ሰጪ ገመዱን ፈትቶ ወደ ውስጥ አያይም። ያየ እንደሆነ የሰጠውን ሰስቷል ይባላል፤ ትዳሩም አያምርም ብለው ያምናሉ።

የእድላዊት እጮኛ ናትናኤል የጋሽ ኦይታ የመጨረሻ ልጅ ነው። ጋሽ ኦይታ በአባያ ሐይቅ ዳርቻ ሙዝ የሚያመርቱ፣ በንባቸው ደግሞ ከሩቅ የሚታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ሽማግሌዎቻቸው ልጅቷን ሊጠይቁ የመጡ ቀን አብሬ ተቀምጬ ነበር። ከሁሉ ያስገረመኝ የጋሽ ኦይታ እህት የበለጥሽ ነገር ነው። ስለ ልጅቷ ትምህርት አልጠየቀች፣ ስለ ዘመድ አልጠየቀች። ዞራ ዞራ «ቀፎው መቼም አይቀርም?» ትላለች። ያን ሁሉ ቀፎ ያንጠለጠለ ቤት አንድ ቀፎ ምን ይጨምርለታል ብዬ በልቤ ታዘብኳት። ልክነሽ ግን ደስ አላት።

«ንብ ያለው ሰው ነው የንብ ዋጋ የሚገባው» አለችኝ።

ማንጎ ባበበ ሰሞን ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የንብ መንጋ እሷ ግቢ ባለው የዘይቱን ዛፍ ላይ አረፈ። ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ተንጠለጠለ። በራሱ የመጣ ንብ አይባረርም፤ በረከት ነው። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ አየ፣ «የሠርጉ መልካም ምልክት ነው» ተባለ፣ እኔም ብያለሁ። ልክነሽ የሳጥኑ ቀፎ ውስጥ አስገባችው። መንጋው የሰም እንጀራውን ሠርቶ እጭ ሲሞላው፣ ከእጩ ጋር አንድ እንጀራ ቆርጣ ለእድላዊት በመረጠችው ቀፎ ውስጥ በቃጫ አስራ ሰቀለችው። ሌላው ሰው ለስጦታ ከሚወጣ ቀፎ ማር ይቀንሳል፤ ልክነሽ ለልጇ ጎዶሎ እንዳትሰጥ ብላ እጭ ጨመረችበት። ከዚያ ቅቤውን ቀባች፣ ገመዱን አሰረች።

የሠርጉ ሳምንት ገባ። አመሻሽ ላይ የተዋስኩትን ትሪ ልመልስ ስሄድ ልክነሽ ከታሰረው ቀፎ ሥር ቁጢጥ ብላ መሬት መሬት ታያለች። ዕቃ የጠፋባት መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳይ ሣሩ ላይ ንቦች ይድሃሉ። ክንፋቸው ተጨማድዶ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። አንዷ ለመብረር ዘላ በግንባሯ ተደፋች። እንደገና ተነስታ መዳህ ጀመረች።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ጋዜጣ የምታነቢበት ማጉያ መስታወትሽን አምጪልኝ» አለችኝ ሳትዞር። «ወንፊትና ኬክ ላይ የምትነሰንሺውን የላመ ስኳርም። ነጭ ሳህንም ይዘሽ ነይ።»

ይዤ ስመለስ ማጨሻዋ እየጨሰ ነው። እሷ ግን እጇን ገመዱ ላይ አድርጋ ቆማለች። አትፈታውም፣ አትተወውም። ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና «ፍቺው እንጂ፣ ገመድ እኮ ነው» አልኳት። ዞራ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። የእናቷን ቀፎ፣ የራሷን ቀፎ ማንም አልፈታውም። ከዚያ ቋጠሮውን ፈታችው።

ጭስ ነፋ ነፋ አደረገችና መክደኛውን አነሳች። ንቦችን ከእንጀራው ላይ ጠርጋ አፉ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አስገባች፣ ስኳሩን ነሰነሰችባቸው፣ በወንፊቱ ከድና አገላበጠቻቸው። ከዚያ ጠርሙሱን ደፍታ ሳህኑ ላይ አራገፈችው። ንቦቹ በወንፊቱ ሲታገቱ ስኳሩ እንደ ዱቄት ወረደ። ከስኳሩ ጋር ቀያይ ነጠብጣቦች ወረዱ። ነጠብጣቦቹ ይንቀሳቀሳሉ።

«የንብ ቅማል ነው» አልኩ። ልክነሽ ቤት ስመላለስ የንብ ቅማል አይቻለሁ፤ ቀላ ያለች፣ ንብ ጀርባ ላይ የምትጋልብ፣ ማንም የማይፈራት ናት።

«ቅማል ቢሆን ደስ ይለኛል» አለች። «ቅማል ስድስት እግር ነው ያለው። የኔ ዓይን አልችል አለ፤ አንቺ ቁጠሪልኝ።»

መስታወቱን አስጠግቼ ቆጠርኩ። ጎኑ ከቁመቱ የሰፋ፣ ጠፍጣፋ፣ አነስተኛ መዥገር የሚመስል ነገር ነው። ተንቀሳቀሰብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። በወዲህ አራት፣ በወዲያ አራት። ለሦስተኛ ጊዜ የቆጠርኩት የተሳሳትኩ እንዲሆን እየተመኘሁ ነው።

«ስምንት ነው ልኬ።»

መሬት ላይ ቁጭ አለች። በስልጠናው ላይ ስሙን ቫሮዋ ብለው ነግረዋት ነበር። እጩ ክፍል ውስጥ ገብቶ ከእጩ ጋር ይታሸጋል፤ ሲመጠው ይከርምና ንቧ ክንፏ ተኮማትሮ ትወለዳለች። ንቡ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ቀፎው ይፈዛል፣ ወይም የቀረው ተነስቶ ይኮበልላል። የኮበለለው መንጋ ባረፈበት ሁሉ ተባዩንም ይዞት ይገባል። ይህን እየነገረችኝ ወደ ዘይቱኑ ዛፍ ቀና አለች፤ ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። በረከት ያልነው መንጋ ከበሽታው የሸሸ ነበር። የሳጥኑን ቀፎ ከፍተን ስናራግፍ ሳህኑ ቀይ ሆነ። ዙሪያው ካሉት ቀፎዎችም ተባዩ ያልተገኘባቸው ጥቂቶች ናቸው።

እድላዊት ከሥራ ገብታ የተፈታውን ገመድ መሬት ላይ ስታየው ክው አለች።

«እማዬ፣ ለምን ፈታሽው?»

ልክነሽ ነገረቻት። እድላዊት አላስጨረሰቻትም።

«እና ምን ልትይ ነው? ንባችን ታሟል ልትይ ነው? በሠርጌ ሳምንት?» ገመዱን ከመሬት አነሳች። «በለጥሽን አታውቂያትም? ጎሜ አለባቸው ነው የምትለው። የተደበቀ ነውር አለ፣ ንቡ እንኳ አላስችል ብሎት ሞተ ነው የምትለው።»

ጋሞዎች ጎሜ የሚሉት፣ ክልክል የሆነውን ነገር የጣሰ ሰው በራሱም በቤቱም ላይ የሚያመጣውን መዓት ነው። ቤተ ክርስቲያን ሳሚው ሁሉ አላምንበትም ይላል። ከብት ሲሞት ወይም ንብ ሲጠፋ ግን መጀመሪያ በሹክሹክታ የሚጠየቀው እሱ ነው። እድላዊት እናቷ ትሰማት ዘንድ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ ፋንታዬ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት። ዝም ትበል። ቀፎው ይሂድ፣ በኋላ ቀስ ብላ ሄዳ ታክመዋለች።»

ልጅቷን እንደ ልጄ ነው የማያት፤ አንጀቴን በላችው።

«የባልሽ ቤት ንብ በእኔ እጅ ይለቅ?» አለች ልክነሽ። «ከዚህ ጓሮ ንብ አይወጣም። የታመመውም፣ ጤነኛ የሚመስለውም።»

እድላዊት ገብታ በሯን ዘጋች። ልክነሽ ወደ እኔ ዞር ብላ «ነገ ጋሽ ኦይታ ዘንድ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለች። ለማንም አትንገሪ አላለችኝም።

በማግሥቱ ባጃጅ ይዘን የአባያን መንገድ ወረድን። ባጃጁ መግባት ያቃተውን ጭቃ በእግራችን አለፍነው። ልክነሽ አንዲት የሞተች ንብ በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች። መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። ሰው ዝም ሲል እኔ እጨነቃለሁ፤ ስለ ሙዙ አወራሁ፣ ስለ ሙቀቱ አወራሁ።

ጋሽ ኦይታ ደጃፋቸው ላይ ተቀበሉን። ንብ ያለው ሰው ንብ ያለው እንግዳ ሲመጣበት ሰላምታው ሳያልቅ ነው ወደ ጓሮ የሚወስደው። ልክነሽ ግቢ ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። እሳቸው ግን ወንበር አስወጡና ፊታችንን ወደ መንገዱ፣ ጀርባችንን ቀፎ ወደተንጠለጠለባቸው ግራሮች አድርገው አስቀመጡን። ሙዝ ቀረበ፣ ጠላ መሰሉ ቦርዴ በጣሳ ቀረበ። ስለ ድንኳኑ አወሩ፣ ስለ ሰንጋው አወሩ። ልክነሽ ጣሳዋን ሳትቀምስ መሬት አስቀመጠችው።

«ጋሽ ኦይታ፣ ለልጆቹ ያሰርኩት ቀፎ ታሟል» አለች። «ፈትቼ አየሁት።»

ምን በሽታ እንደሆነ ይጠይቃሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«ለማን ነገርሽ?» አሉ።

«ለእርስዎ። ልጄና ቲቸር ያውቃሉ።»

«ሌላ ለማንም አትንገሪ። ገመዱን እሰሪና አምጪው።»

«የእርስዎን ንብ ይፈጅብዎታል።»

«አምጪው አልኩሽ።»

ፊታቸው ጠቁሯል። ተቆጡ፣ ሠርጉ እዚሁ ወንበር ላይ ሊፈርስ ነው ብዬ ሰጋሁ። ልክነሽ አንገቷን ዘንበል አደረገች። እሳቸውን የምታዳምጥ መስሎኝ ነበር። ለካ የምታዳምጠው ከጀርባችን ያሉትን ዛፎች ነው። ግራሩ አብቧል፣ ሽታው አፍንጫ ይሞላል፤ ያ ሁሉ ቀፎ ባለበት ግቢ ሰው ተጯጩሆ ነበር መነጋገር የነበረበት። የሚሰማው የዝንብ ድምፅ ብቻ ነው።

ብድግ አለች።

«ተቀመጪ» አሉ ጋሽ ኦይታ።

አልተቀመጠችም። ወደ ጓሮ ሄደች፣ እኔም ጉልበቴን እየረገምኩ ተከተልኳት። ዝቅ ብሎ የተሰቀለውን ቀፎ ከሥሩ በመዳፏ ገፋ አደረገችው። እንደ ባዶ ቅርጫት ተነሳ። ቀጥሎ ያለውን ገፋች፣ እሱም ተነሳ። ሦስተኛውን አውርዳ ከፈተችው። ውስጡ ድር አድርቶበታል፤ የሰም ትል የጨረሰው የጠቆረ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል። ቀና ብዬ ከዛፍ ዛፍ የተንጠለጠሉትን ሁሉ አየሁ። አንዱም ውስጥ ንብ አልነበረም።

ጋሽ ኦይታ ከኋላችን ቆመዋል።

«ክረምቱ ሳይወጣ ነው የጀመራቸው» አሉ። «መሬት ለመሬት መዳህ ጀመሩ። ከዚያ አንዱ ቀፎ ዛሬ ይሄዳል፣ ሌላው በሳምንቱ ይሄዳል።»

«ታዲያ ቀፎዎቹን ለምን አላወረዷቸውም?» አልኩ። አፌ ነው።

«ለሚያልፈው ሰው ነው፣ ቲቸር። ንብ ጥሎት የሄደ ቤት ሲባል ለልጄ ማን ሴት ይሰጠዋል? ምን በድለህ ነው ብለው ይጠይቁኛል። ምን እንደበደልኩ እኔም አላውቅ። ቁጭ ብዬ ስፈልግ ነው የምውለው።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የአንቺ ቀፎ ሲመጣ እንደገና እጀምራለሁ ብዬ ነበር፣ ልክነሽ።»

ልክነሽ ወረቀቱን ፈትታ የሞተችውን ንብ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው።

«ምንም አልበደሉም። ንብዎን የጨረሰው ይኼ ነው። ይዩት፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን።»

«ቅማል አይደለም?»

«አይደለም። እግሩን ቲቸር ቆጥራዋለች።» ትንሽ ቆየችና «የመጨረሻው መንጋ ወደየት ነበር የበረረው?» አለች።

ጋሽ ኦይታ በእጃቸው ወደ ከተማው፣ ወደ እኛ ሰፈር ቁልቁለት አመለከቱ። ልክነሽ ዛፍ ላይ ያረፈው መንጋ የመጣው ከእሳቸው ይሁን ከሌላ ሰው ግቢ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም፤ ሁለቱም ያሰቡት ግን አንድ ነው።

«የታመመውንም ቢሆን ስጪኝ» አሉ በመጨረሻ። «ንብ ይሁን እንጂ።»

«አልሰጥም። እዚህ ዙሪያ ንብ ያለው እርስዎ ብቻ አይደሉም። የጎረቤቶችዎን ሁሉ ነው የሚፈጀው።» ወረቀቷን አጣጠፈች። «ለእርስዎ ስል ግን አንድ ነገር አደርጋለሁ። ባዶ ቀፎ ቅቤ ቀብቼ፣ አፉን አስሬ አመጣለሁ። ይስቀሉት ወይም አይስቀሉት፣ የእርስዎ ጉዳይ ነው። እኔ ቀድሜ አልናገርም። ሰው ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም።»

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ነበርኩ የምጮኸው። ባዶ ቀፎ ይዘሽ ሰው ከሚያዋርድሽ ለምን ጨርሶ አትተዪውም አልኩ፣ ልጅሽን ለምን በእሳት ላይ ታስቀምጫታለሽ አልኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ከዚያ በኋላ እስከ ሠርጉ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳለፍኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ሽንኩርት ልንከትፍ ከሰፈር ሴቶች ጋር ስንሰበሰብ ምላሴን ነክሼ ዋልኩ። ሴቶቹ «ቲቸር ዛሬ ምን ነካሽ?» አሉኝ፤ ጥርሴን አመመኝ አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ዝም ብዬ አላውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናው ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ ጋሽ ኦይታ ግቢ ገባን። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ከኦቾሎም ከከተማም የመጣ ንብ የሚያረባ ሰው አይጠፋበትም። በቤተሰቡ ልማድ ቀፎውን አዝላ ዛፉ ድረስ የምታደርሰው እናት ናት። ልክነሽ ቀፎውን በጀርባዋ አዝላ ከመኪናው ስትወርድ ቅቤው በፀሐይ ያበራል፣ ገመዱ አዲስ ነው። እልልታው ቀለጠ። ሰዉ መንገድ ለቀቀ፣ እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ባዶ መሆኑን የማውቀው እኔ እንኳ ሳላስበው ወደ ኋላ ሸሸሁ።

እድላዊት በነጭ ቀሚሷ ናትናኤል አጠገብ ቆማለች። እሷም ቀፎው ባዶ መሆኑን ታውቃለች፤ የእናቷን እግር እያየች ነው እንጂ ሰው አታይም። እጇ የናትናኤልን ኮት እጅጌ ጨምድዶ ይዟል።

ልክነሽ ቀፎውን ግራሩ ሥር አወረደች። ጋሽ ኦይታ ሊቀበሏት ቀረቡ፤ ፊታቸው ላይ ደም የለም። ከዚያ የፈራሁት ደረሰ። በለጥሽ ከሰው መሀል ወጥታ ጆሮዋን ወደ ቀፎው አዘነበለች። መጀመሪያ በዚያኛው በኩል፣ ቀጥሎ በዚህኛው በኩል አዳመጠች።

«ምነው ልክነሽ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። «ንቦችሽ ዝም አሉሳ?»

እልልታው ቆመ። ልክነሽ ጋሽ ኦይታን አንድ ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ወደ በለጥሽ ዞራ አፏን ከፈተች። የእድላዊት ዓይን ተጨፈነ።

ጋሽ ኦይታ በመሀላቸው ገቡ። የበለጥሽን ትከሻ ይዘው ገለል አደረጓት፣ ጎንበስ ብለው ገመዱን ፈቱት። «ኧረ ንቡ!» የሚል ጩኸት ከሴቶቹ በኩል ተነሳ፤ ወንበር ተገለበጠ፣ ሰው በሰው ላይ ተረጋገጠ። እሳቸው የሱፍ ኮታቸውን እጅጌ ከነሸሚዙ ወደ ላይ ሰበሰቡና ባዶ ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ድረስ ቀፎው ውስጥ ከተቱት። ክንዳቸውን ቀስ ብለው አወጡትና መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩ። አንድ ቁራጭ የቀርከሃ ልጣጭ ተጣብቆበታል።

«ባዶ ነው» አሉ። «ልክነሽ ባዶ ያመጣችው በሽታ አላስገባባችሁም ብላ ነው። ንቧ ታሟል። ሳትደብቅ መጥታ ነገረችኝ። እኔ ነኝ የደበቅሁት። የእኔም ባዶ ነው። እዚያ ያለውን ሁሉ ሄዳችሁ አንሱት፣ አንድም ንብ የለበትም። ክረምት ነው ያለቀው።»

ልክነሽ እጃቸውን ያዘቻቸው፤ እሳቸውም ንግግራቸውን ቀጠሉ።

«ዘንድሮ በራሱ የመጣ ንብ የተቀበለ ሰው ካለ ቤቱ ሄዶ ይክፈት። መሬት ላይ የሚድህ ንብ ያየ ሰው ካለ አይደብቅ። ተባይ ነው። ጎሜ አይደለም።»

በለጥሽ አፏ እንደተከፈተ ቀርቷል። ከኋላ፣ ከኦቾሎ የመጡ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«እኔ ተቀብያለሁ» አሉ። «በረከት ነው ብዬ።»

«የእኔም ከፋሲካ ወዲህ ይድሃል» አለ አንድ ሌላ ሰው። አንዲት ሴት ደግሞ የባሏን ጎን ጎሸም አድርጋ «ንገር እንጂ» ስትለው ሰማሁ። እድላዊት እየሮጠች መጥታ እናቷን አቀፈቻት። ቅቤው ነጩን ቀሚሷን አበላሸው፣ ግድም አልሰጣት። በበሽታ ወሬ ምክንያት አንድም ሰው ከሠርጉ ተነስቶ አልሄደም። እንዲያውም ሙሽሮቹን ትተው ልክነሽን ነው የከበቧት።

ልክነሽ ያን ዓመት ግማሽ ንቧን አጣች። የሳጥኑን ቀፎ እንጀራ ሁሉ አቃጠለችው፤ ከሌሎቹም ተባዩ የበዛበትን የድንጉላ፣ የወንዴ ንብ እጭ እየቆረጠች፣ ስኳር እየነሰነሰች፣ የሚተርፈውን አተረፈች። ማንጎው እንደገና ሲያብብ ለእድላዊት ቀፎዋን ሰጠቻት። ያን ቀን ቅቤው ነበር፣ ገመዱ ግን አልነበረም። መክደኛው በሁለቱም ቤተሰብ ፊት ተከፍቶ፣ ስኳሩ ነጭ ሳህን ላይ ተራግፎ፣ በለጥሽ ራሷ አጎንብሳ አይታ ነው የተሰቀለው። ወንፊቴ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።

በቅርቡ ደጃፌ ላይ ተቀምጠን ያን ሳምንት አነሳሁባት። «ያን ሁሉ ምስጢር ለእኔ የምትነግሪኝ ለምንድን ነው? አፌን እያወቅሽ» አልኳት።

የእጇን ጀርባ ታክካለች፤ ጠዋት ንብ ነድፏት ነበር።

«እኔ ሲያመኝ ዝም እላለሁ» አለች። «ለሰው መናገር ያለብኝን ለመናገር ብፈራ፣ አንቺ ታወሪዋለሽ ብዬ ነው።» ከዚያ ሳቀች። «ያን ሳምንት ግን ጉድ ልትሠሪኝ ነበር ቲቸር። ጥርሴን አመመኝ ብለሽ ዝም ስትይ ነው እውነቱን የምናገረው እኔው ብቻዬን መሆኔን ያወቅሁት።»

ተነስቼ ለእጇ በረዶ ልፈልግላት ገባሁ።